ዝናብ እየዘነበ በጥም የሚሞት ቡና

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች።

ጎማ ወረዳ ውስጥ፣ ከአጋሮ ብዙም ሳይርቅ፣ ግማሽ ሄክታር የምትሆን የቡና ማሳ አለችን። ተክሎ ያሳደጋት አባቴ ነው። እሱ ካረፈ ወዲህ ኃላፊነቱ እኔ ላይ ወድቋል። የምኖረው ጅማ ከተማ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተመላለስኩ ነው የማያት።

ባለፈው ክረምት አንድ እግር ቡና በአንድ ጎኑ ብቻ ቢጫ ሆነ። ቅጠሉ ወደ ውስጥ ታጠፈ፣ ጠወለገ፣ ከዚያ ቡናማ ሆኖ ረገፈ። ሌላኛው ጎኑ ምንም አልሆነም ነበር። ውሃ አጥሮት ነው እንዳልል ወሩ ሐምሌ ነው፣ መሬቱ ጭቃ ነው። መስከረም ላይ ስመለስ ዛፉ ሙሉ በሙሉ ደርቋል። ፍሬው ያለጊዜው ቀልቶ ቅርንጫፉ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀርቷል። አሁን የደረቁት 11 እግር ደርሰዋል። የሚገርመኝ ደግሞ ተበታትነው አይደለም። ከመንገዱ በኩል ጀምረው በአንድ መስመር ነው የተከታተሉት።

በሽታው ምንድን ነው? መድኃኒት አለው? ልንቀላቸው ወይስ ልጠብቃቸው? አባቴ በእጁ የተከላቸው ስለሆኑ መንቀሉ ይከብደኛል። የምታውቁ ንገሩኝ።

---

ከላይ ያለውን ከጻፍኩ ወዲህ ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተከታተለው ውይይት፣ በጣም ረዝሟል። በየሳምንቱ አዲስ ሰው ይገባና ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። ሁሉንም ከላይ ጀምሮ ማንበብ ለማይችል ሰው ስል ምላሾቹን በቁጥራቸው እተርካለሁ። የማንንም ንግግር አልገለበጥኩም፤ የገባኝን በራሴ ቃል ነው የጻፍኩት።

ምላሽ 1። የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከማና፣ ከየቡ አካባቢ ነው። ጸሐፊው እህቴ አይዞሽ ብሎ ነው የጀመረው። በአባቴም አጽናናኝ። እንደ እሱ ግምት ቡናው አርጅቷል፣ ስለዚህ መፍትሔው ጉንደላ ነው። ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ በሰያፍ ቁረጪው፣ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ያወጣል አለ። እሱ ጋ ሠርቷል። ምክሩ ለአረጀ ቡና ትክክል ነው። ለእኔ ቡና ግን ልክ እንዳልነበር ቆይቶ ነው የታወቀው።

ምላሽ 2። በግብርና ሙያ ብዙ ዓመት የሠሩ ጋሼ ናቸው የጻፉት። መጀመሪያ መጋዙን አስቀምጪው አሉ። ምርመራ ሳይደረግ ሕክምና የለም። ቢላዋ ይዤ ግንዱ ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እንድፍቅ ነገሩኝ። ከልጡ ሥር ያለው እንጨት ላይ ቡናማ ወይም ሰማያዊ የተቀላቀለበት ጥቁር መስመር ካየሁ አንድ በሽታ ነው። እንደ ወረቀት የተነጠፈ ነጭ ነገር ካየሁና እንጉዳይ እንጉዳይ ከሸተተኝ ሌላ በሽታ ነው። አርሚላሪያ የሚባል ሥር አበስባሽ ፈንገስ ማለት ነው። ከሁለቱም ምንም ካልታየ ግንድ የሚበሳ ትል መፈለግ አለብኝ። ሁሉም ዛፉን ያደርቃሉ። ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ልዩነቱ ያለው ከልጡ ሥር ነው።

ለእኔ የክሩ ትልቁ ምላሽ ይኼ ነው። ሌላው ሁሉ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ምላሽ 3። ይኼ የእኔ ነው። ቅዳሜ ሄጄ ሦስት እግር ፋቅሁ። ነጭ ነገር የለም። ሽታም የለም። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ጠቆር ያለ መስመር አለ፣ እንጨቱ ላይ በከሰል የተሰመረ ይመስላል። ቀድሞ በሞተው ዛፍ ላይ ደግሞ በልጡ ስንጥቅ ውስጥ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጥቋቁር ነጠብጣቦች አየሁ። ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ።

ምላሽ 4። ጋሼ ተመለሱ። ፎቶውን አይተው በሽታው ቡናን የሚያደርቀው ፈንገስ ነው አሉ፣ ፉዛሪየም ዛይላሪዮይደስ ይባላል። አንዳንዱ የቡና አድርቅ፣ አንዳንዱ የቡና አጠውልግ ይለዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1927 መካከለኛው አፍሪካ ውስጥ ነው። በእኛ ሀገር በአረቢካ ቡና ላይ በ1950ዎቹ ታየ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ምንነቱ በምርምር ተረጋገጠ። እኔ ትናንት የመጣ ነገር መስሎኝ ነበር። አባቴ ሳይተክላቸው በፊት እዚህ ነበር ማለት ነው።

አሠራሩን ሲያስረዱ ቀለል አድርገው ነው። ፈንገሱ ጤነኛ ልጥ አይበሳም። ቁስል ይፈልጋል። በቁስሉ ገብቶ ውሃ ወደ ላይ የሚያመላልሱትን ቧንቧዎች ይይዛል። ሥሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ ቅጠሉ ይጠማል። በአንድ ጎን የሚጀምረውም ለዚህ ነው፣ መጀመሪያ የተዘጋው በዚያ ጎን ያለው ቧንቧ ስለሆነ። ለጋ ችግኝ በሳምንታት ውስጥ ይሞታል። ትልቅ ዛፍ ወራት ይወስድበታል። ጥቋቁር ነጠብጣቦቹ ደግሞ ፈንገሱ ዘሩን የሚያዘጋጅባቸው ናቸው። ዛፉ ቢሞትም እነሱ አይሞቱም። ናሙና ወስጄ መልኮ ላለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል እንዳሳይም መከሩኝ። ከከተማ ሩቅ አይደለም፣ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ምላሽ 5። ሆሳዕና ያደገች፣ አሁን ጅማ የምትሠራ እህት ጻፈች። ቡና አላውቅም፣ እንሰት ግን አውቃለሁ ብላ ነው የገባችው። እናቷ የታመመ እንሰት በቆረጡበት ቢላዋ ጤነኛውን አይነኩም። ቢላዋውን መጀመሪያ እሳት ላይ ያገላብጡታል። በልጅነቷ ወግ ብቻ ይመስላት ነበር። ቆይታ ነው ምክንያቱን የተረዳችው። የእንሰት አጠውልግ እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንስ የተመዘገበ የባክቴሪያ በሽታ ነው። ከእንሰት ወደ እንሰት ከሚያዛምቱት ነገሮች ዋናው ቢላዋ ነው። የእኔስ ማሳ በምን እንደሚመነጠር ጠየቀችኝ።

ይኼን ጥያቄ ሳነብ ደነገጥኩ። እመለስበታለሁ።

ምላሽ 6። አንድ ወጣት በሽታው የመጣው ከዩጋንዳ ነው፣ በድንበር የገባ ችግኝ ነው ያመጣብን አለ። ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ ከሮቡስታ ቡናዋ (ከእኛው አረቢካ የተለየ የቡና ዓይነት ነው) ግማሽ የሚጠጋውን በዚሁ በሽታ ማጣቷን ጻፈ። አጻጻፉ ሰው የሚያስፈራ ነበር። መንግሥት ድንበር ይዝጋ እስከማለት ደረሰ።

ምላሽ 7። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርና የምትማር ልጅ አረመችው። በጨዋነት ነው፣ ግን ቁርጥ አድርጋ። የፈንገሱ ስም አንድ ቢሆንም ዝርያው ይለያያል። ሮቡስታን የሚገድለው አረቢካን አይነካም፣ አረቢካን የሚገድለውም ሮቡስታን አይነካም። የዩጋንዳው ጥፋት የደረሰው በሮቡስታ ላይ ነው። የእኛው ደግሞ እዚሁ ከአረቢካችን ጋር የኖረ ነው። ዩጋንዳዎቹ በሽታውን የሚቋቋሙ የሮቡስታ ዝርያዎች መርጠው ኬአር የሚል ስም ሰጥተው ለገበሬ እንዳከፋፈሉም ጨመረች። ከእነሱ የምንማረው አለ፣ የምንፈራው ግን አይደለም አለች። ወጣቱ ቆይቶ አመሰግናለሁ ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለ ሰው መድረኩን ያሳምራል።

ምላሽ 8 እና 9። ከሰቃ ጨቆርሳ የጻፈ ሰው ለምን ትጨነቃላችሁ፣ 74110 የሚባለውን የቡና ዝርያ ትከሉ፣ በሽታ አይነካውም አለ። ጋሼ ወዲያው መለሱለት። ስህተቱን የሚሠራው ብዙ ሰው ስለሆነ ዘርዘር አድርገው ነው የጻፉት። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲታይ አረንጓዴውን ፍሬ ዛፉ ላይ ያጠቁረውና ያረግፈው ነበር። በ1974 ተመራማሪዎች በየጫካው ዞረው ፍሬያቸው ያልተነካ ዛፎችን መረጡ። 74110፣ 74112፣ 74140 እና ሌሎቹም የተገኙት እንደዚያ ነው። መጀመሪያው ላይ ያለው 74 የተመረጡበትን ዓመት ያስታውሳል። እነዚህ ዛፎች የተመረጡት የፍሬውን በሽታ እንዲችሉ ነው። ግንድ የሚያደርቀው ሌላ ፈንገስ ነው። አንዱን በሽታ የቻለ ዛፍ ሌላውንም ይችላል ማለት አይደለም። ችግኝ ከመግዛቴ በፊት የትኛው ዝርያ የትኛውን በሽታ እንደሚቋቋም መልኮ እንድጠይቅ አሳሰቡ።

ምላሽ 10። አንድ ሰው መድኃኒት አለኝ አለ። ሊትሩን በዚህ ያህል ብር፣ ሥሩ ላይ ሲጠጣ በ15 ቀን ያለመልማል፣ ስልክ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ አለ። ስለ ይዘቱ ስጠይቀው ኮፐር (መዳብ) ያለበት ነው ብሎ አለፈ።

ምላሽ 11 እና 12። እዚህ ላይ የክሩ ድምፅ ተቀየረ። የዩኒቨርሲቲዋ ልጅ ኮፐር ቅጠልና ፍሬ ላይ ሲረጭ የፍሬውን በሽታ ይከላከል ይሆናል፣ ግንዱ ውስጥ ያለውን ቧንቧ ግን አይደርስበትም አለች። የታመመን ቡና ከዚህ ፈንገስ የሚያድን ኬሚካል የለም። ቀጥሎ የመጣው ሰው ግን ያን ያህል አልታገሠም። እሱ ራሱ ካቻምና ተመሳሳይ ነገር ከአንድ ሻጭ ገዝቶ 40 እግር ቡና ላይ አፍስሷል። ገንዘቡም ቡናውም ሄደ። መድኃኒቱን እየጠበቀ ሳይነቅል የቆየበት ጊዜ ደግሞ በሽታውን ወደ ቀሩት አሻገረ። ሻጩን በደረቅ ቃል ሰደበው። ስድቡን አልደግመውም። ንዴቱ ግን ይገባኛል። ሦስት ወር ተስፋ የሸጠለት ሰው ሦስት ወር ነው የሰረቀው።

ምላሽ 13። አስተባባሪው ገባ። ማስታወቂያውን አጠፋ። ስድቡንም አጠፋ። ሁለቱንም አስጠነቀቀ።

ምላሽ 14። ከሊሙ ኮሳ የጻፉ ሐጂ ናቸው። እኔን ልጄ እያሉ ነው የጻፉት። ይኼን ምላሽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ለእናቴም አነበብኩላት።

ከብዙ ዓመት በፊት የደረቁባቸው 6 እግር ቡና ነበሩ። ቆርጠው ጣሏቸው። የቡና እንጨት ጥሩ ይነድዳል፣ ጢሱም ትንሽ ነው። ጎረቤት ሲጠይቃቸው እምቢ ማለት ነውር ሆነባቸውና ሰጡ። ሁለቱን ሸክም እሳቸው ራሳቸው ወደ ቤት ጎትተው ከማዕድ ቤቱ ጀርባ ከመሩት። ቀጥ ቀጥ ያሉትን ቅርንጫፎች ደግሞ ለአጥር ተጠቀሙባቸው። በሚቀጥለው ዓመት ከማዕድ ቤቱ ጀርባ ያለው ቡና ደረቀ። አጥሩን ተከትሎም ደረቀ። እንጨቱ በተጎተተበት ጥርጊያ ግራና ቀኝ ያለውም ደረቀ። ጎረቤታቸውም ቤት እንደዚያው ሆነ። የጎረቤታቸው ጥፋት ግን ከእሳቸው በላይ ያንገበግባቸዋል። በእጃቸው ሰጥተው፣ ምርቃት ተቀብለው ያደረሱት ጉዳት ነው።

ልጄ፣ የሞተውን ዛፍ ለማንም እንዳትሰጪ አሉኝ። ሰው ቢቀየምሽም ይቀየምሽ። እዚያው በወደቀበት አቃጥዪው።

ምላሽ 15። ይኼኛው የእኔ ነው። በምላሽ 5 ለተጠየቅኩት መልስ ለመስጠት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

የእኛን ማሳ የሚመነጥሩት የቀን ሠራተኞች ናቸው። ነሐሴ ላይ፣ ለቀማው ከመድረሱ በፊት፣ በገጀራ አረሙን ያጭዳሉ። ገጀራው የእኔ አይደለም፣ የራሳቸው ነው። ከእኔ ማሳ በፊት የሰው ማሳ ላይ ነበሩ። ከእኔ በኋላም ወደ ሌላ ሰው ይሄዳሉ። አረሙ ግንዱን ተጠግቶ ስለሚበቅል ገጀራው ልጡን ይነካዋል። ትንሽ ጭረት ናት፣ ማንም አያያትም።

የደረቁትን 11 እግር ደግሜ ሄጄ አየሁ። ከመንገዱ በኩል የሚጀምረው መስመር ሠራተኞቹ ሥራ የሚጀምሩበት መስመር ነው። በእያንዳንዱ ግንድ ግርጌ የቆየ ጠባሳ አለ። 11ዱም ላይ አለ። በሽታው በራሱ እግር አልሄደም። በገጀራ ተሸክመን ነው ከዛፍ ወደ ዛፍ ያዞርነው። ሠራተኞቹን አልወቅስም። ማንም አልነገራቸውም፣ እኔም አልነገርኳቸውም።

በምላሽ 1 የተመከርኩትን ጉንደላ ሠርቼ ቢሆን ኖሮ ብዬ አሰብኩ። በዚያው መጋዝ ከታመመው ወደ ጤነኛው እየተሸጋገርኩ ማሳውን ሙሉ እበክለው ነበር።

ምላሽ 16። የየቡው ወንድሜ ተመልሶ መጣ። ምክሩን አነሳ። እሱም የራሱን ዛፎች ሊፍቅ እንደሚሄድ ጻፈ። ጉንደላ የሠራባቸው አንዳንዶቹ ለምን ቀንበጥ ሳያወጡ እንደቀሩ አሁን ነው የጠረጠረው።

ምላሽ 17። ማሌዥያ የተማረ ሰው ስለ ዘይት ዘንባባ ጻፈ። ከርዕሱ የወጣ ቢመስልም እኔ ብዙ ተምሬበታለሁ። እኛ ፓልም የምንለው ዘይት የሚጨመቅበት ዛፍ መሠረቱ ምዕራብ አፍሪካ ነው። ማሌዥያ ውስጥ ለንግድ መተከል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። አሁን የዓለምን አብዛኛውን የፓልም ዘይት የሚያመርቱት ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ናቸው። እዚያ ትልቁ ጠላት ጋኖደርማ የሚባል ፈንገስ ነው። የግንዱን ታችኛ ክፍል ከውስጥ ያበሰብሰዋል። መሐል ላይ ያሉት አዳዲስ ቅጠሎች ሳይከፈቱ እንደ ጦር ቆመው ይቀራሉ። የታችኞቹ ቅጠሎች ተሰብረው ግንዱን እንደ ቀሚስ ይከቡታል። ከግርጌው እንደ መደርደሪያ ወጣ ያለ ጠንካራ እንጉዳይ ይበቅላል። ምልክቱ ሲታይ ግን ግንዱ በግማሽ በስብሷል። ነፋስ ሲመጣ ዛፉ ይወድቃል።

መነሻው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የነበረው ዛፍ ጉቶ ነው። ዘይት ዘንባባ 25 ዓመት ገደማ ካገለገለ በኋላ ተቆርጦ በቦታው አዲስ ይተከላል። ጉቶውና ሥሩ መሬት ውስጥ ከቀረ የአዲሱ ዛፍ ሥር ሲደርስበት ፈንገሱ ይሻገራል። በሁለተኛው ዙር የተተከለው ከመጀመሪያው ይልቅ በልጅነቱ ይታመማል። ስለዚህ ሲነቅሉ ጉቶውን ሥሩ ድረስ ቆፍረው ያወጡታል፣ ግንዱንም ይከታትፉታል። ግንድ በዱላ እየመቱ ድምፁን የሚያዳምጡ ሠራተኞችም አይቷል። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ሄዷል ማለት ነው።

ፈንገሶቹ አንድ አይደሉም። የዘንባባው እንጨቱን ይበላል፣ የእኛው ቧንቧውን ይዘጋል። ግን ሁለቱም ውስጥ ውስጡን ከሄዱ በኋላ ነው ውጭ የሚታዩት። ሁለቱም ገበሬው ሰንፎ በተወው ግንድ ላይ ይቆያሉ።

ምላሽ 18 እስከ 21። ፓልም የሚለው ቃል ሲነሳ ወሬው ወደ ዘይት ዋጋ ሄደ። አንዷ በጄሪካን የገዛችው ሲቀዘቅዝ እንደሚረጋ ጻፈች። ሌላው መርጋቱ የተበላሸ ስለሆነ ሳይሆን ተፈጥሮው ስለሆነ ነው አላት። ሦስተኛው ኑግና ሰሊጥ እያለን ለምን እናስመጣለን አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ቦታው ግን እዚህ አልነበረም። አስተባባሪው ወደ ቡናው መለሰን።

ምላሽ 22። አንድ ሰው ነቅለሽ ጫት ትከዪ አለኝ። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ነው፣ ጫት በየጊዜው ይቆረጣል፣ ገንዘቡ እጅ በእጅ ነው። በሽታውም ያኔ አያሳስብሽም አለ።

ምላሽ 23። ሐጂ ሲቆጡ ያየሁት እዚህ ላይ ብቻ ነው። ቡና ባለበት ለጥላ ዋንዛው አለ፣ ብርብራው አለ፣ ሳሳው አለ፣ ንቡ አለ። ጫት ሲመጣ ጥላው ይቆረጣል። ልጅ በሞተ ቁጥር ቤት አይፈርስም አሉ። የጫቱ ሰው ዝም አላለም። እርስዎ ቤት ሙሉ ነው፣ የእኔ ልጆች ግን የትምህርት ቤት ክፍያ ይጠብቃሉ ብሎ መለሰ። ከባድ ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኔ ጫት አልተክልም፣ የእሱን ችግር ግን አላጣጥልም።

ምላሽ 24 እና 25። ስለ መልሶ መትከል ክርክር ተነሳ። የሰቃው ሰው 6 ወር ይበቃል አለ። ጋሼ 6 ወር ዝቅተኛው ነው፣ እኔ ብሆን 2 ዓመት እጠብቃለሁ አሉ። ፈንገሱ መሬት ውስጥ በቀሩ ሥሮች ላይ ይቆያል። የሰቃው ሰው 2 ዓመት ባዶ መሬት ማን ይችላል ብሎ ተናደደ። ሌላ ግማሽ ሄክታር ለሌለው ሰው ቀላል ነገር እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ። ግን አንዴ ተክዬ፣ ሦስት ዓመት አሳድጌ፣ ሊያፈራ ሲል ቢደርቅብኝ የባሰ ነው። 2 ዓመቱን መርጫለሁ።

ጋሼ በዚሁ ምላሽ ሌላም ነገር ጨመሩ። ከግንዱ ዙሪያ ክንድ የሚያህል ቦታ በእጅ ይታረም፣ ብረት አይጠጋው። መሐሉን ብቻ በገጀራ ማጨድ ይቻላል። ደረቅ ሣርና ቅጠል ቢጎዘጎዝ አረሙ ራሱ ይቀንሳል። አረም ካነሰ ማጨድ ያንሳል፣ ማጨድ ካነሰ ቁስል ያንሳል። በጫካ ውስጥ ያለው ቡና ከጓሮና ከእርሻ ቡና ያነሰ የሚጠቃውም ብረት ብዙ ስለማይነካው ነው ብለው ያምናሉ።

ምላሽ 26። የሆሳዕናዋ እህት መሣሪያን በምን ማጽዳት እንደሚቻል ጠየቀች። የዩኒቨርሲቲዋ ልጅ እዚያው መለሰችላት። እሳት ላይ ማገላበጥ ይሠራል። በረኪና በውሃ በጥብጦ መንከርም ይሠራል፣ ግን ብረቱን ስለሚያዝግ በኋላ በውሃ ታጥቦ ዘይት ይቀባል። ዋናው ነገር ማሳው ውስጥ ከመግባት በፊትና ከታመመ ዛፍ በኋላ መደረጉ ነው። ማታ ቤት ገብቶ ማጠብ አይጠቅምም።

ምላሽ 27። ያደረግኩትን ለመድረኩ አሳወቅሁ። ናሙናውን መልኮ አድርሻለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ዝናብ ያልነበረበትን ቀን መርጠን ነቀልን። ሁሉንም ስንፍቅ አረንጓዴ ከሚመስሉት ውስጥ 3 እግር መስመሩን ይዘው ተገኙ። 14 ሆኑ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ አጠገብ፣ ዛፉ በወደቀበት፣ ሥሩን ከአፈር አራግፈን አቃጠልን። አንዱንም አልጎተትንም። እናቴ ከቤት በር ላይ ቆማ ታየን ነበር። አባቴ ሁልጊዜ ከሥሩ የሚያርፍበት ዛፍ ከ14ቱ አንዱ ነው። እሱን ለመጨረሻ አቆየሁት።

የጎረቤታችን ባለቤት እንጨት ጠየቀችኝ። እትዬ፣ ይቅርታ፣ ይኼ እንጨት በሽታ አለበት አልኳት። የሐጂን ታሪክ ነገርኳት። መጀመሪያ ፊቷ ጠቆረ። ቆይታ፣ የእኛም ሁለት እግር በአንድ ጎን ቢጫ ሆኗል አለች።

ምላሽ 28። ሐጂ ጠየቁኝ። የደረቁት ዛፎች ከመንገዱ ነው የጀመሩት ብለሻል፣ ከመንገዱ ማዶ የማን ማሳ ነው? ያም ሰው ያውቃል?

ምላሽ 29። አያውቅም ነበር። ትናንት ማታ ደወልኩለት። ማሳችንን የሚመነጥሩት ያው ሠራተኞች ናቸው። በመጪው ቅዳሜ እሱ፣ እትዬና እኔ ሦስታችንም ማሳ ላይ እንገናኛለን። ሠራተኞቹንም ጠርተናል፣ የቀን ሒሳባቸውን ለሦስት ተካፍለን እንከፍላለን። ቢላዋ ሦስት፣ በረኪና አንድ ጠርሙስ፣ ባልዲ እኔ አመጣለሁ። የምናየውን ማታ እጽፋለሁ።